ቆመን ያገኘነው ሰባተኛ ክፍል

ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም። በወጣትነቴ ብልባላ ገበያ ስወርድ የምገባበት ጠላ ቤት ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ ነበር፤ ፊደሉን የለቀምኩት ከዚያ ላይ ነው። ግማሹ ጋዜጣ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ስለነበር ዛሬም የተዘቀዘቀ ጽሑፍ እንደ ቀናው አነባለሁ። ይህን የሚችል ባለ ዲግሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንደበቴም የተባረከ ነውና፣ የመንደራችን ሰው የትምህርት ቤት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሲመርጥ ሌላ ሰው አላሰበም።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤታችን ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ስድስተኛን የጨረሰ ወንድ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ሴቷ ትዳራለች። በዚያ ዓመት ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። እናቲቱ ራሷ የኮሚቴያችን አባል ናት። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ፣ ሰባተኛ ክፍል እዚህ ካልተከፈተ ልጇን ለጠየቋት ሰዎች እሺ ልትል መሆኑን ነገረችኝ፤ ብቻዋን ከተማ ለመስደድ ልቧ አልቻለም። እኔም መንገዱን ሙሉ መከርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

«ጋሼ፣ ንግግርዎ ያምራል። ልጄን ግን ንግግር አያስተምርልኝም» አለችኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ለክፍሉ የሚሆነውን ድንጋይ ሕዝቡ በደቦ አግዞ ከምሯል፤ ከወረዳ የምንጠብቀው ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና አስተማሪ ነው። ወረዳው ግን እኛን ሳይጠይቅ ለትምህርት ቤታችን አጥር በጀተ። በጀቱ በሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ እንድንገኝ ተጠራን፤ በታዛቢነት።

እኔ፣ የደብራችን ቄስና ጎረቤቴ ሄድን። ከአዳራሹ ኋላ ወንበር ተሰጠን። ሰብሳቢው ጨዋ ወጣት ነው፤ ታዛቢ ያዳምጣል እንጂ አይናገርም ብሎ በትሕትና አስረዳን። ቄሱ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

በእኛ አገር ልጅ ለማጨት የተላኩ ሽማግሌዎች ቃል ሳይሰጣቸው አይቀመጡም። እነሱ ቆመው ደግሞ ባለቤት አይቀመጥም፤ ነውር ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ለበጀትም ይሠራል ብሎ ያሰበ ግን ከእኔ በፊት አልነበረም።

ሰብሳቢው ተቀመጡ አለን። እግዜር ይስጥልን ብለን ቆመን ቀረን። እሱም አጀንዳውን ማንበብ ጀመረ። ሰዉ እየዞረ አየን። መጀመሪያ አንድ ሸምገል ያለ የግብርና ሠራተኛ ተነሣ፤ ቀጥሎ ከጎኑ ያለው፤ በመጨረሻ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ሰብሳቢው ለብቻው ወረቀቱን ይዞ ቀረ። እሱም የላስታ ልጅ ነውና አላስችል አለው፤ ተነሣ።

«አባቶች፣ ልጅ ልታጩ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አለን። አዳራሹ ሳቀ።

«ልጅ እንዳትታጭ ነው» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። ያን ጊዜ ድንቅ ንግግር ማድረግ እችል ነበር፤ በልቤ ይዤ ነበር። ነገር ግን ማን መናገር እንዳለበት ማወቅም ችሎታ ነው፤ ጎረቤቴን ወደ ፊት አሳለፍኳት። እሷም ስለ ልጇ፣ ስለ ተከመረው ድንጋይ ተናገረች። «አጥር የጠየቀ ከመካከላችን የለም» ብላ ጨረሰች። ተሰብሳቢዎቹ ተከራከሩ። የአጥሩ ገንዘብ ወደ ክፍሉ ይዛወር ተብሎ እጅ ሲወጣ የተቃወመ አልነበረም።

ቄሱ ተመስገን ብለው ወንበር ሊስቡ ሲሉ እንደገና ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ አሁንስ ምን ቀረ?» አለ ሰብሳቢው።

ከእንግዲህ የየትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሳይጠየቅ ዕቅድ እንዳይወጣ፣ በስብሰባም ድምፅ እንዲኖረን ጠየቅሁ። የሌላ ቀበሌ ሰዎች አጨበጨቡ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሮ ሲነበብልኝ ተቀመጥኩ።

ዘንድሮ ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት ያው ሰብሳቢ መንደራችን ድረስ በእግሩ መጣ። ልጅቷ በአዲሱ ክፍል ሰባተኛን ልትጨርስ ነው፤ የጠየቋት ሰዎች ሌላ ዘንድ ሄደዋል። ቄሱ ውኃ ይቅደም አሉ፣ ጎረቤቴ ስምንተኛ ክፍል አለች፤ ተከራከሩ፣ እሱም ይጽፋል። የስምንተኛውን ድንጋይ ከወዲሁ ወገብ ድረስ ገንብተነዋል። እኔ እያለሁ ቆርቆሮ የሚከለክለን የለም።