ቋንጣ በድብ አገር

እህቴ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሳምንት እረፍት ሲፈቀድላት፣ የት እንደምታሳልፈው የመምረጡን ሥልጣን ለራሴ ሰጠሁ። ማንም አልሾመኝም። ያን ጊዜ ሬድመንድ ከተማ ውስጥ ሌሎች የጻፉት ሶፍትዌር ላይ ስህተት እየፈለግኩ ደመወዝ የምበላ ሰው ስለነበርኩ፣ ከእኔ የተሻለ መራጭ የለም ብዬ አምኜ ነበር።

እህቴ የምትኖረው ፌደራል ዌይ የምትባል ከተማ ነው። ሥራዋ የደከሙ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በየቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ነው። ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች፣ ወንበር ላይ አስቀምጣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ታደርግላቸዋለች። እኔን ወደዚህ አገር ያመጣችኝም ኮሌጅ ያስተማረችኝም በዚሁ ሥራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለት ፈረቃ እየሠራች። እረፊ ስላት “ቅዳሜ ከሰዓት አርፌያለሁ እኮ” ትለኛለች። ቅዳሜ ከሰዓት የምታርፈው ልብስ እያጠበች ነው። ስለዚህ ያ ሳምንት እንዲባክንብኝ አልፈለግኩም። አንድ ሳምንት ብቻ እግሯን ዘርግታ፣ እንቅልፏን ጠግባ፣ ሥራ የሚባል ነገር ሳይነካት እንድትውል ከልቤ ተመኝቼ ነበር።

አላስካን መረጥኩ። በአውሮፕላን እንሄድና እዚያ አልጋም ምድጃም ያለውን፣ ሰው አር ቪ የሚለውን ትልቅ መኪና እንከራያለን። ጊዜውን የወሰነችው እሷ ናት፤ የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ሳይገባ።

“በጾም ጫካ ገብቼ ምን ልበላ ነው፣ ቅጠል?” አለችኝ።

የቀረው መኪናውን አቁመን የምናድርበትን ቦታ መምረጥ ነበር። ኖርዝጌት ሰፈር ካለችው አፓርታማዬ ቁጭ ብዬ የብርዱንና የዝናቡን ወራት በሙሉ በዚህ ጉዳይ ላይ አሳለፍኩ። ሠላሳ አራት የካምፕ ቦታዎችን ሰንጠረዥ ውስጥ ደረደርኩ። በዚያ ለሚገኘው ትልቅ ተራራ እይታ ነጥብ ሰጠሁ፣ ለወንዙ ድምፅ ነጥብ ሰጠሁ፣ በአንዱ መኪናና በሌላው መካከል ላለው ርቀት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ነጥብ ሰጠሁ። እዚያ ያደሩ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት አንድም ሳላስቀር አነበብኩ። ደስ ያለኝን ሲያጋጥመኝ እህቴ ጋ እደውልና አነብላታለሁ።

“እታለም፣ ስሚኝማ። አንዱ ምን ይላል መሰለሽ፤ አምስት ቀን ሙሉ አንድም ሰው ሳላይ ከረምኩ ይላል። አምስት ኮከብ ሰጥቶታል።”

“ምስኪን” አለች። “ቤተሰብ የለውም?”

የእሷ ጥያቄዎች ሌላ ነበሩ። ታዲያ ሽንት ቤቱ መብራት አለው? ውሃው ቅርብ ነው? ጎረቤቶቻችን እነማን ናቸው? ጎረቤት እንደሌለና የቦታው ጥሩነትም እሱ እንደሆነ ሳስረዳት “ኦኬ” ትላለች፤ ያ ኦኬ ግን ሐኪም መጥፎ ነገር ሲነግራት የምትለው ዓይነት ነው። ልገረም አይገባኝም ነበር። ፌደራል ዌይ ያለውን አፓርታማ ስትከራይ አብሬያት ሄጃለሁ። የሕንጻው ማናጀር ወጥ ቤቱን ልታሳያት ስትጣደፍ፣ እህቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በየበሩ ሥር የተቀመጡትን ጫማዎች ታይ ነበር። ከጎን ያለው በር ተከፍቶ አንዲት አሮጊት ሰላም ሲሏት “እወስደዋለሁ” አለች። ወጥ ቤቱን ያየችው ከገባች በኋላ ነው።

ቦታ ማስያዝ በሚጀመርበት ዕለት ከሥራ ስብሰባ ሹልክ ብዬ ወጥቼ የሰንጠረዤን አንደኛ ያዝኩ። ከካምፑ ጫፍ፣ ከወንዙ ዳር፣ ሦስት ጎኑ በጥድ የተከበበ። ስብሰባው ላይ ስመለስ አለቃዬ ምን እንዳስደሰተኝ ጠየቀኝ።

በሐምሌ ሄድን። እዚያ እንደደረስን እህቴ ለሳምንቱ የሚሆን ምግብ እንግዛ ብላ ሱቅ ገባች፤ ሁለት ሰው ይቅርና ማኅበር የሚያበላ የበሬ ሥጋ ገዝታ ወጣች። ምን ሊሆን ነው ስላት “ይበላላ” ከማለት በቀር አልመለሰችም። በርበሬው፣ ጨዉና ቢላዋው ከፌደራል ዌይ በሻንጣ መምጣታቸውን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ቦታው እንደተባለው ነበር። ወንዙ ይሰማል፣ ሰው የለም። ትልቁ ተራራ ብቻ ደመና ውስጥ ነበር። እህቴ ከመኪናው ወርዳ ዙሪያዋን ቃኘችና ወደ እኔ ዞረች።

“ተራራህ የታለ?”

“ከደመናው ጀርባ ነው። ብዙ ሰው እኮ ሳያየው ነው የሚመለሰው።”

“ቀጠሮ አልያዝክም እንዴ?”

በማግስቱ ጠዋት እንድትተኛ ብዬ ብቻዬን በወንዙ ዳር ሁለት ሰዓት ያህል ተንሸራሸርኩ። ስመለስ በሁለት ጥዶች መካከል ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ ሥጋው ሁሉ ተዘልዝሎ፣ በበርበሬና በጨው ታሽቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል። እህቴ ከሥሩ ወንበር አውጥታ ቢላዋዋን እየጠረገች ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏት ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነው።

“ፀሐይ ቶሎ አትጠልቅም ያልከኝ እውነትህን ነው” አለች። “ነፋሱም ግሩም ነው። ፌደራል ዌይ ብሰቅለው በሁለት ቀን ይሸታል፤ ማናጀሯም ኮል እያደረገች ትነዘንዘኛለች። ይኸው ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ይተርፋል።”

“እታለም፣ የካምፑ መግቢያ ላይ ያለውን የድብ ሥዕል አላየሽም?”

“አየሁ። በርበሬ ነው እኮ፤ ማን ይደፍረዋል?”

ገመዱን ለማውረድ እጄን ስሰነዝር የካምፑ ጠባቂ መጣች። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት። ገመዱን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቋንጣን በእንግሊዝኛ ላስረዳት ጀምሬ መሀል ላይ ተውኩት። እህቴ ግን ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችላትና ሻይ ላፍላልሽ አለቻት። ልጅቷ አመስግና ይቅርታ ጠየቀች። ሰሞኑን በወንዙ ዳር አንድ ድብ ሲመላለስ እንደነበር፣ ምግብ ውጭ የተወ ሰው ቦታውን መልቀቅ ደንቡ እንደሆነ ነገረችንና እንደገና ይቅርታ ጠየቀች። እኩለ ቀን ሳይደርስ መውጣት አለባችሁ አለች፤ ሦስተኛ ይቅርታ ጨመረች። እንደዚያ በትሕትና ተባርሬ አላውቅም።

ልጅቷ ስትሄድ ንዴቴን መያዝ አቃተኝ።

“ለእረፍት ነው የመጣነው” አልኳት። “አንድ ሳምንት ሥራ ካልሠራሽ ትሞቻለሽ?”

ሥጋውን ከገመዱ እያወረደች ነበር። ፊቷን ሳታዞር መለሰችልኝ።

“ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ? ቁጭ ስል እኮ ሰውነቴን ሁሉ ያመኛል። አልለመድኩትማ።”

አፈርኩ። በሠላሳ አራት ቦታ ላይ ወራት ሙሉ ስመራመር፣ እሷን እንዴት ነው የምታርፊው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ገመዱን ጠቀለልኩላት።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ነን። ወቅቱ የቱሪስት ስለሆነ የጠየቅነው ቦታ ሁሉ ሞልቷል። አንድ ሐይቅ ዳር ብቻ፣ የያዘው ሰው ቀርቶ፣ አንድ ቦታ አገኘሁ፤ በሰንጠረዤ አራተኛ የነበረ ቦታ ነው። ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል። እህቴ ከመኪናው አልወረደችም።

“እዚህ ብሞት ማን ያውቃል?” አለች። “ንዳው።”

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደነዳሁ ትከሻዬን ነካችኝ። “እዚህ አቁም።”

ከነዳጅ ማደያ ጀርባ ያለ የጠጠር ሜዳ ነው። አር ቪዎቹ በበዓል ዋዜማ የገበያ ማዕከል ደጅ እንደቆሙ መኪኖች ተጠጋግተው ቆመዋል። ከጥግ ልብስ ማጠቢያና ሻወር ያለበት ቤት አለ፤ መብራቱ በቀን ይበራል። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ዓሣ ይጠብሳል፤ ሌላው ከመኪናው ሥር ተኝቶ ከጎረቤቱ ጋር ያወራል። ቦታውን አውቀዋለሁ። በሰንጠረዤ ሠላሳ አራተኛ ነው። አንዱ አስተያየት ሰጪ የጎረቤት ሳል ሳይቀር ይሰማል ብሎ አንድ ኮከብ ሰጥቶታል።

“ምን አለው ይሄ?” አልኳት።

“ሰው አለው” አለችኝ።

ቋንጣው ወደ መኪናችን ሻወር ገባ። ገመዱን ከግድግዳ ግድግዳ ወጠረችና በሩን ዘጋችበት፤ የአየር ማውጫው ቀንና ሌሊት ሲዞር ከረመ። ገላችንን የምንታጠበው ልብስ ማጠቢያው ቤት ሆነ። የሽንት ቤቱ መብራትና የውሃው ቅርበት ለምን እንደሚጠየቅ ያኔ ገባኝ፤ እሷም እንደገባኝ ስላወቀች ፎጣ ይዤ በወጣሁ ቁጥር በፈገግታ ትሸኘኛለች።

ከጎናችን ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ሰውየው ያለ መደገፊያ አይራመዱም። እሳቸውን እንዳየሁ ሳምንቱ እንዳለቀ ቆጠርኩት። እህቴ አካሄዳቸውን እያየች “ጫማቸው ልክ አይደለም” ስትል ሰማኋት።

በሦስተኛው ቀን እሷ እንዳትነካው ብዬ ልብሳችንን በሙሉ ሰብስቤ ላጥብ ሄድኩ። ስመለስ መኪናው ውስጥ የለችም። የት እንዳለች መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሽማግሌውን ጥፍር ስትቆርጥ አገኛታለሁ ብዬ፣ ከምሬ ልቆጣት ተዘጋጅቼ፣ አሮጊቷ ጋ ዞርኩ።

እህቴ ወንበር ላይ ተኝታለች። አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ጫማዋ ወልቋል። ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ አለ፤ ዳርና ዳሩ በደንብ ተጠቅጥቋል። አሮጊቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በል አሉኝ፤ ከዚያ በሹክሹክታ የሆነውን ነገሩኝ። ባለቤታቸውን ሲያነሱ አይታ ልታግዛቸው መጣች። እሳቸው ደግሞ ይህን ሥራ ለምጄዋለሁ፣ አንቺ ተቀመጪ፣ ሻይ ላምጣልሽ አሏት። ሻዩን ይዘው ሲወጡ እንቅልፍ ወስዷታል። ብርድ ልብሱን ያለበሷት እሳቸው ናቸው።

ለስንቱ ሰው ስታለብስ ኖራ፣ እሷን ሰው ሲያለብሳት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ልብሱን ይዤ እንደቆምኩ ከየመኪናው ሰው መውጣት ጀመረ። ዓሣ ጠባሹ መጥበሻውን እንደያዘ ወጣ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። ዞር አልኩ። ደመናው ተገፍቶ ትልቁ ተራራ ከነዳጅ ማደያው ጣሪያ በላይ ወጥቷል፤ ሙሉ በሙሉ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ ነጭ። ወራት ሙሉ ነጥብ ስሰጠው የከረምኩት እሱ ነው። አሮጊቷ እኔንና እህቴን እያፈራረቁ አዩ፤ ልቀስቅሳት ወይ እንደማለት እጃቸውን ወደ ትከሻዋ አስጠጉ።

እኔም አንድ እርምጃ ሄጄ ነበር። ግን እንዳይቀሰቅሷት ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በስልኬ አንድ ፎቶ አነሳሁና ልብሱን ላጣጥፍ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ተራራው አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም፤ ደመናው መልሶ ሸፈነው፣ ሰዉም ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። እህቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኛች።

ስትነቃ ብርድ ልብሱን አየችው፤ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። ከዚያ ሰማዩን አየችና ሳቀችብኝ።

“ተራራህ ዛሬም አልመጣም?”

“አልመጣም” አልኳት።

“ቀጠሮ ያዝ ብዬህ ነበር” አለችና ቋንጣዋን ልታገላብጥ ተነሳች።

ፎቶው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። እሷ ወንበሩ ላይ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ብርድ ልብሱ ጉልበቷ ላይ፤ ከኋላዋ ተራራው አለ። ለምን አልቀሰቀስከኝም እንዳትለኝ ፈርቼ እስከ ዛሬ አላሳየኋትም። እንደዚያ ስትተኛም ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።