ጋሽ ጩኸት የሚሰሟት አምፖል

ጋሽ ጩኸት ይሏቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከኃይል ማመንጫ ግድብ ተርባይን ጋር ሲጯጯሁ ኖረው ቀስ ብሎ መናገር ጠፍቶባቸዋል፤ "ደህና አደራችሁ" ሲሉ እንኳ የሚጣሉ ይመስላሉ። የግራ ጆሯቸው ጭራሽ ሥራ አቁሟል። ድሮ በግድቡ ሥር አምስት ሆነው ይሠሩ ነበር። አሁን ማሽኑ ሩቅ ከተማ ባለ ኮምፒውተር ስለሚታዘዝ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ሚስታቸውም ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ከማሽኑ ጋር ነው፤ እሱ ደግሞ ዝም የማይል፣ መልስም የማይሰጥ ጓደኛ ነው።

በሳምንት አንዴ፣ የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው በእናቷ ስልክ ትደውላለች። አንድ ቀን፣

"አባባ፣ አስተማሪያችን መብራት ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ኑ አለችን" አለቻቸው።

ጋሽ ጩኸት የመቆጣጠሪያ ክፍሉን በር ዘግተው ተቀመጡ። ስለ ሥራቸው የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

"ውሃው ከላይ በትልቅ ቱቦ ይወርድና እዚህ ታች ያለውን ጎማ ያሽከረክራል። ከጎማው ጋር ማግኔት ታስሯል። ማግኔቱ በመዳብ ሽቦ ጥቅል መሃል ሲዞር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ፣ ሲሄድ እንዳይባክን ትራንስፎርመር ግፊቱን ከፍ ያደርግለታል። በብረት ምሰሶ ተራራውን አልፎ እናንተ ሰፈር ሲደርስ ሌላ ትራንስፎርመር 'ረጋ በል' ይለዋል፤ አለዚያ አምፖላችሁን ያፈነዳዋል። ከዚያ በቆጣሪው ገብቶ ማብሪያ ማጥፊያሽ ጋ ይጠብቅሻል።"

"የተረፈውን የት ታስቀምጡታላችሁ?"

"አናስቀምጥም። ሰው ባበራ ቁጥር ማሽኑ ይከብደዋል፣ ያኔ ውሃ ይጨመርለታል።"

ልጅቷ አሰበች። "እኔ ሳበራ ታውቃለህ ማለት ነው?"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረባቸው። ማሽኑ አንዲት አምፖል ከቁብ አይቆጥርም። ግን ልጅቷ ደስ እንዳላት ከድምፅዋ ያስታውቃል፣ እሳቸው ደግሞ ብቸኝነቱ መሯቸዋል።

"እንዴታ፣ እሰማሻለሁ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመኝታ ቤቷን መብራት ታበራና ትደውላለች።

"ሰማኸኝ?"

"ሰማሁሽ፣ የኔ እናት።"

በሰዓቱ ማሽኑ ጎን ቆመው እጃቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ። ምንም አይታወቃቸውም። ቢሆንም ያቺን ሰዓት ሲጠብቁ ቀኑ ይመሽላቸዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ ሐሙስ፣

"ሰማኸኝ?" አለች።

"ሰማሁሽ።"

"ሳላበራ ነው የጠየቅኩህ። ምሰሶ ወድቆ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለንም።"

ጋሽ ጩኸት ክው አሉ። ከስንት ዓመት በኋላ በቀስታ ተናገሩ። "ሰምቼሽ አላውቅም፣ ልጄ። እንዳትተዪኝ ብዬ ነው።"

ስልኩ ተቋረጠ።

ዓርብ አልደወለችም። ቅዳሜም፣ እሑድም። መልሰው ለመደወል አፈሩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ማሽኑ ጎን መቆማቸውን አልተዉም፤ ሌላ የሚሄዱበትም የለ።

ሰኞ በዚያው ሰዓት ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ክፍሉ ገብተው በሩን ዘጉና በደህናው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

"አባባ፣ የእማዬ ስልክ ባትሪው አልቆ ነው። መብራት የመጣልን አሁን ነው። ምን እያልከኝ ነበር?"

"ሰምቼሽ…" ብለው ጀመሩ።

"ቆይ እሺ፣ ዝም በልና አዳምጥ። ስልኩን ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ላስጠጋው።"

ቀጭ አለ።

"ሰማኸኝ?"

"ሰማሁሽ" አሉ ጋሽ ጩኸት። "ይሄኛውን ሰማሁ።"