የረምላ ቢላና የዛሂራ ስልክ

ከሺንሺቾ ወጣ ባለች አንዲት መንደር እንሰት ሲታመም የሚጠራው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ረምላ። ቅጠሉን ትዳስሳለች፣ ግንዱን ታንኳኳለች፣ ከዚያ ፍርዷን ትሰጣለች። አራት ልጆች ያሳደገችው በጓሮዋ ቆጮ ስለሆነ ቃሏን የሚጠራጠር አልነበረም።

አምና ግን የግብርና ባለሙያው ታዴዎስ ለጎረቤቷ ለዛሂራ ስልክ አመጣላት። የተመረጠችው ማንበብ ስለምትችል ነው ተባለ። ቅጠሉን ፎቶ ሲያነሱት ስልኩ የበሽታውን ስም ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ የረምላን ደጅ አልፈው ዛሂራ ዘንድ መሄድ ጀመሩ። ረምላ ድምፃቸውን በሰማች ቁጥር እርር ድብን ትላለች። ትናንት እንሰት መፋቅ ያስተማርኳት ልጅ ዛሬ ሐኪም ሆነችብኝ እያለች ለባሏ ታማርራለች። ባሏ ይስቃል፤ ያኔ ይብስባታል።

አንድ ጠዋት የዛሂራ አንድ እንሰት ቢጫ ሆነ። ስልኩ አጠውልግ ነው፣ ነቅላችሁ ቅበሩት አለ። ሴቶቹ ከበው ሲያዩ ረምላ ቢላዋን ይዛ ደረሰች። ውሃ ጠምቶት ነው፣ ውሃና ፍግ ይበቃዋል ብላ ተከራከረች፤ ለማሳየትም አንዱን ቅጠል ከሥሩ ቆረጠችው። ከቁራጩ የአጠውልግ ምልክት የሆነው ቢጫ ፈሳሽ ሲወጣ አየች። አየችና ቁራጩን ገልብጣ ጣለችው።

"ያው እንዳልኳችሁ ነው" ብላ ወጣች።

የአንዱን ጓሮ እንሰት የቆረጠ ቢላ በሽታ እንዳያጋባ በእሳት ሳይለበለብ ሌላ ጓሮ አይገባም። ይህን ለመንደሩ ሴቶች ሁሉ ያስተማረችው ራሷ ነበረች። ያን ቀን ግን በንዴት እንደጦፈች በቀጥታ ጓሮዋ ገብታ ያረጁ ቅጠሎች መቁረጥ ያዘች።

ወር ከምናምን ቆይቶ የራሷ እንሰት ቢጫ ሆነ። መንገደኛ እንዳያይባት የታጠበ ልብስ አሰጣችበት። ሁለተኛው ሲጠወልግ የአልጋ ልብስ ደረበች። በሦስተኛው ግን የሚሰጣ ልብስ አለቀ። የመጪው ዓመት የልጆቿ ምግብ ያ ጓሮ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ዛሂራ ደጅ ቆመች።

ዛሂራ አልሳቀችባትም። ብትስቅ ይሻላት ነበር። መጥታ ፎቶ አነሳች፤ ስልኩ ያንኑ ስም ተናገረ። ገና ያልጠወለጉት ውስጥ የትኞቹ እንደተያዙ ግን ሊነግራቸው አልቻለም።

"እትዬ ረምላ፣ ያን ቀን ከእኔ ጓሮ ስትመለሺ ቢላሽ የነካው የትኞቹን ነው?"

ረምላ ከበሩ ጀምራ በተራ አሳየቻት። አሥራ አንድ ሆኑ። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣

"ፈሳሹን አይቼው ነበር" አለች።

"ማየትሽንማ እኔም አይቻለሁ። የእኔን እኮ በዚያው ቀን ነቀልኩት።"

አሥራ አንዱን ሁለቱ ነቅለው ቀበሩ። የቀረው ጓሮ ተረፈ።

አሁን ዛሂራ ለፎቶ ስትጠራ በረምላ ደጅ ታልፍና ነይ እንሂድ ትላታለች፤ ቢላው የት የት እንደዋለ ጠይቆ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋላ። ረምላም እያጉረመረመች ትከተላታለች። ቅናቱ ለቀቃት ማለት ግን አይደለም። ባለፈው ሳምንት ታዴዎስን ለብቻው ጠርታ ለእሷም ስልክ ይመጣላት እንደሆነ ጠይቃዋለች። ማንበቡን ልጇ ያነብላታል። ብቻ ከዛሂራው ትንሽ ተለቅ ያለ ቢሆን።