ያገሬ ልጅ ድርሻ

ደብረ ታቦር የገባሁት ባሌን ተከትዬ ነው። ወታደር ነበር፤ ጌታው ወደዚህ ሲሾሙ ከሸዋ ይዞኝ መጣ። ጦርነቱ ሲነሳ ወደ ሰሜን ዘመተና በዚያው ቀረ። ሞተ ብሎ ያረዳኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለም። ጣሊያን ከተማውን ሲይዝ እኔ በተከራየኋት ጎጆ ከእብናት በኩል የሚመጣ ጥጥ እየፈተልኩ ብቻዬን ነበርኩ። ወዳገሬ እንዳልመለስ መንገዱ በጦር ተዘግቷል።

ስም አልነበረኝም። ሰፈሩ “ሸዌይቱ” ይለኛል፣ እኔም አቤት እላለሁ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ የግማሾቹ ባሎች ዱር ናቸው፣ ዝም ባለ አፍ ደግሞ ዝንብ አይገባም። ግን ከእንዝርት ጋር ምን ይወራል? አንዳንድ ቀን ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ድመቷን እሰድባት ነበር። ድመቷም የኔ አይደለችም፣ የጎረቤት ናት።

የድመቷ ባለቤት አንዲት ቁጡ ባልቴት ነበሩ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ከአርበኞች ጋር ወጥተዋል። አንድ ጧት ደጄ ቆሙ።

“ድመቴ ምን አድርጋሽ ነው የምትሰድቢያት?”

“የማነጋግረው ሰው አጥቼ ነው፣ እሜቴ።”

ትክ ብለው አዩኝና “በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር አለን፤ ነይ” ብለውኝ ሄዱ።

ማኅበርተኞቹ ጥቂት ሴቶች ናቸው። በየወሩ አንዷ በተራ ትደግሳለች፤ ተረኛዋ ጽዋውን ወደ ቤቷ ይዛ ትሄዳለች። እኔ የሄድኩ ዕለት ቄሱ “የሚቀጥለውን ማን ታነሳለች?” ሲሉ የምትነሳ ጠፋች፤ ዘመኑ የሁሉንም ጓዳ አራቁቶታል። እኔ ብድግ አልኩና ጽዋውን ተሳልሜ ተቀበልኩ። በምን እንደምደግስ እንኳ አላሰብኩም። ቤቴ ሰው እንዲገባ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ለጠላው ጌሾ ልገዛ ገበያ ስወጣ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው በልጅነት ስሜ ጠራኝ። እናቴ ያወጣችልኝ፣ ከሸዋ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ያልጠራኝ ስም ነው። ዞር ስል እሷ ናት፤ ካንድ ምንጭ የቀዳን፣ እንጨት አብረን የለቀምን ያገሬ ልጅ። ገበያው መሃል ተቃቅፈን አለቀስን። የሷም ባል ዘምቶ ቀርቷል። እንባዬን ጠርጌ ዝቅ ስል እግሯ ላይ የፈረንጅ ጫማ አየሁ። ጦር ሰፈሩ ውስጥ የአንድ ጣሊያን መኮንን ቤት ይዛ እንደምትኖር ነገረችኝ።

“ናቅሽኝ?” አለችኝ።

“እስቲ ስሜን ድገሚልኝ” አልኳት።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ትመጣልኝ ጀመር። ያገራችንን ሰው አንድ ባንድ እያነሳን እናማለን፣ እንስቃለን። ያን ያህል ከሳቅሁ ዘመን አልፎኝ ነበር። ባልቴቷ ግን ሳቁን በአጥር ሰምተው መጡ።

“በማርያም ዕለት ያቺ ካለች እኛ አንገባም። የልጆቼ ነፍስ ጣሊያን ጆሮ በምትገባ አንድ ቃል ላይ ናት።”

ሰው “ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል” ይላል። እኔ የማውቃትንም የማላውቃቸውንም ፈልጌ ነበር። አትምጪ ልላት ባስብም አፌ እምቢ አለኝ።

በዕለቱ ሴቶቹ መጡ፣ ጠላው ወጣ፣ ቄሱ ባረኩ። በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ያገሬ ልጅ ናት፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ በባዶ እግሯ ቆማለች።

“ስለ ማርያም” አለች።

በማኅበር ዕለት እንዲህ ብሎ የመጣ አይመለስም። ሁሉም ያውቃል። ባልቴቷ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ጽዋው ደረሳት፤ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ቄሱ ቀጣዩን ተረኛ ሲጠይቁ ግን እሷ ተነሳች።

“እኔ ላንሳው።”

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። የመለሱላት ባልቴቷ ናቸው፤ ቁጣ የለባቸውም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

“ልጄ፣ አንቺ ቤት በየት እንገባለን? በዘበኛ መሃል?”

ሳቀች። ልጅ ሳለን እሾህ ሲወጋት እንዲህ ነበር የምትስቀው። “እውነትዎን ነው፣ እማማ” አለች። ጽዋውን ሳመችና እጄ ላይ አኑራልኝ ወጣች። እስከ አጥሩ ተከተልኳት። ስሜን ጠርታ “በርቺ” አለችኝና ቁልቁል ወረደች።

ዳግመኛ አልመጣችም። ጦር ሰፈሩ በር ድረስ ሄጄ ዘበኛው መለሰኝ። ጣሊያን ሲወጣም ወዴት እንደሄደች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የባልቴቷ ልጆች በደህና ገቡ። በዚያው ወር ባልቴቷ የማኅበሩን ዳቦ ሲቆርሱ ከቁጥራችን አንድ ቁራሽ ተረፈ። ያልመጣ ማኅበርተኛ ድርሻው ይቀመጥለታል፤ ያን ዕለት ግን የቀረች አልነበረችም።

“ይህ የማን ነው፣ እሜቴ?” አልኳቸው።

“የዚያች ያገርሽ ልጅ ነዋ። ጽዋችንን ጠጥታ የለም?” አሉኝ፤ ፊታቸውን አዞሩ።

እነሆ እስከ ዛሬ ይቆረስላታል። ሴቶቹም ወዳጆቼ ሆነዋል፤ ብታመም ይጠይቁኛል፣ ብሞት ይቀብሩኛል። የሚጠሩኝ ግን ያው ሸዌይቱ ብለው ነው። በማርያም ዕለት ማታ ቁራሿን በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤቴ እገባለሁ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ፣ እንዳልረሳው ብዬ፣ ስሜን ራሴ እጠራዋለሁ።