አድሬናሊን የሌለው መርፌ

ወረታ ላይ ጥርስ ነቃይ ነኝ። ሰው እንዲህ ሲለኝ የሰደበኝ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ፎገራ ላይ ከሩዝ ማሳ አረም ስነቅል ያደግሁ ሰው ጥርስ ብነቅል ምን ይገርማል?

የደብራችን ንግሥ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ የቤተሰባችን የነፍስ አባት ጉንጫቸውን በጋቢ አፍነው በጠዋት መጡ። አንድ የታች መንጋጋቸው ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቷቸዋል።

«ንቀይልኝ ልጄ» አሉ። «ግን ነገ ቀዳሽ ነኝ። ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባም። ሌላው ቄስ ታመው ተኝተዋል፤ እኔም ከጎደልሁ አምስት አንሞላም።»

አምስት አገልጋይ ካልሞላ ደግሞ ቅዳሴ የለም። ደብሩ በንግሡ ቀን ሳይቀደስበት ሊውል ነው!

ያሉኝ ማደንዘዣዎች ሁለት ናቸው። አድሬናሊን ያለበት መርፌ የደም ሥር ስለሚያጠብብ ደሙ ያንሳል፤ መደንዘዙም ይቆያል። ለእሳቸው የተሠራ መሰለኝ። ግን ግፊት ሳልለካ መርፌ አላነሣም፤ ስለካቸው ከፍ ብሏል። ልባቸውም ያለ ቅጥ እየመታ ያስቸግራቸዋል፤ ኪኒን ይወስዳሉ።

«አባ፣ ይኼኛው ደሙን ይይዝልን ነበር፤ ለልብዎ ግን አይበጅም። ያኛው ለልብዎ ይሻላል፤ ግን ቶሎ ይለቃል፤ ደምም አይዝም።»

«ታዲያ ደሙን ማን ሊይዘው ነው?»

«እኔ እይዘዋለሁ።»

ካልሁ በኋላ ደነገጥሁ። ድፍረቴ አንዳንዴ ከእኔ ቀድሞ ይናገራል።

አድሬናሊን የሌለበትን ወጋኋቸው። መርፌው ሳይለቅ መጨረስ አለብኝ። የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል፤ ሥሩ ቢሰበር ቁፋሮ ነው። ወዲያ ወዲህ እያነቃነቅሁ አላላሁት። መጨረሻው ላይ የወንበሩን እጀታ ጨበጥ አደረጉ።

«ልጨምርልዎ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልፈለጉም። ወዲያው ጥርሱ ከነሥሩ ወጣ።

ደሙም መጣ። ድዳቸውን ሁለት ቦታ ሰፋሁት። ሌላውን ታካሚ ደም መጣጭ ጎዝ አስነክሼ ውጭ አስቀምጠዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን በገዛ ጣቴ ተጭኜ ቆምሁ። ክንዴ ዛለ፤ በር ላይ የሚጠብቁት አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ! ጎዙን ስቀይር ቀይ ነበር፤ ደግሜ ስቀይር ሳሳ፤ በመጨረሻ ነጭ ሆኖ ወጣ። ትኩስ እንዳይጠጡ፣ እንትፍ እንዳይሉ፣ እስከ ነገም ዜማ እንዳይሞክሩ አስጠንቅቄ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ በሴቶች በኩል ቆሜ ጆሮዬን አቀናሁ። ድምፃቸው ከመቅደሱ ጥርት ብሎ ሲወጣ እንባዬ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእጄ ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሴው ሲያልቅ መስቀል ልሳለም ተሰልፌ ደረስሁ። ግንባሬን ባረኩና፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ ጉንጫቸውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አፋቸውን ከፈቱልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጠብታ ደም የለም። ከኋላዬ ያሉት «እለፊ እንጂ!» አሉኝ። አላለፍሁም፤ ደግሜ አየሁት።