ስምንት ልጆችና አንዲት ዶሮ

ጅማ የገባሁት በመስከረም መጨረሻ፣ ከሁለት ቀን የአውቶቡስ ጉዞ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ነገሩ ባሕር ከመሻገር አይለይም ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ይዘዋወራል፤ እኔ አንድ ጋቢ ለብሼ ሌላ ታቅፌያለሁ። የሚወራው አብዛኛው ኦሮምኛ ነው፤ አንዲት ቃል አልገባኝም።

ኮሌጁ የተቀበለኝ በሁለት ዜና ነው። ስሜ መዝገብ ላይ አለ፤ አልጋ ግን የለም። መዝጋቢው እንደነገሩኝ፣ ከተማው ውስጥ መኖሬን የሚያረጋግጥ የቀበሌ ወረቀት በሦስት ሳምንት ካላመጣሁ ቦታዬ ለተጠባባቂ ይሰጣል። እስከዚያው የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ፣ በኳስና በመረብ መካከል ፍራሽ እንድዘረጋ ተፈቀደልኝ። ወረቀቱ ካልተገኘ መመለስ ነው፤ አገር ቤት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሽኝቴን ዳቦ በልቷል።

መጨነቅ ይገባኝ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ትምህርት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከተማው የእኔ ነው። ደብተር ገዛሁና ቤት እየፈለግሁ የማየውን ሁሉ መዘገብኩ። እዚያው ጅማ መርካቶ በሚባለው ገበያ አቮካዶ የሚባል ፍሬ ገዝቼ ከነልጣጩ ስገምጠው ሻጯ ሳቅ አሸንፏት መሬት ተቀመጠች፤ ከዚያ ራሷ በቢላ ከፍላ በማንኪያ አበላችኝ። ጅሬን የሚባለውን ኮረብታ በእግር ወጣሁ። ከላይ ሲታይ ከተማው ደን ነው፤ ቆርቆሮው አልፎ አልፎ ብቻ ብልጭ ይላል። መንገድ ዳር ያለ ዛፍ ላይ አንድ ጉሬዛ ተቀምጦ የይለፍ ወረቀት እንደሚጠይቅ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ይህም ደብተሬ ውስጥ አለ።

ቤት ፍለጋው ግን አልሆነልኝም። በር አንኳኩቼ፣ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ደብተሬን ገልጬ፣ ባዶ ክፍል እንዳላቸው እጠይቃለሁ። አንዱ ልብስ ሰፊ ቁልፍ የተንጠለጠለበትን በር ሳሳየው እህል ሞልቶበታል አለኝ። ጊንጆ በሚባለው ሰፈር ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት፣ ከዋናው ቤት ጎን ያለችውን ክፍል ስጠቁም፣ ስምንት ልጆቻቸው እንደሚያድሩባት ነገሩኝ። ቆሜ ጠበቅሁ። ከክፍሏ የወጣችው አንዲት ዶሮ ናት። ጻፍኩት፤ በሩ ተዘጋ።

አጥር ለአጥር የሚጎራበቷቸው ሽማግሌ ይህን ሁሉ አይተዋል። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚፈለፍሉ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ደጃፋቸው ላይ ነው። «ኮቱ፣ ታኢ» አሉና አንዱን በርጩማ በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ምንም ሳይጠይቁኝ ሌላ በርጩማና ሸካራ ቅጠል ሰጥተው እንጨቱ በቅጠሉ ሲታሽ እንዴት እንደሚለሰልስ አሳዩኝ። በማግሥቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ስደርስ ቅጠሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ በርጩማዎቹን አጋሮ ገበያ ሊያደርሱ ሲሄዱ ተከትያቸው ሄድኩ። አጋሮ በቡና ሽታ ነው የሚቀበለው፤ እኔ የማውቀው የተቆላው ሽታ ሳይሆን፣ ቀይ ፍሬ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሚሸተው፣ እንደበሰለ ፍራፍሬ ጣፋጭ የሆነው። በየግቢው ሰሌን ላይ ቡና ተዘርግቷል፤ ሰው በመሃሉ በጠባብ መንገድ ያልፋል። አንዲት ሴት ፍሬውን በእጇ ስታገላብጥ አገኘሁና ደብተሬን አውጥቼ ዘንድሮ ስንት ኩንታል እንደምትጠብቅ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ መልስ ሳትሰጠኝ ጆንያ አነሳችና ቡናውን ሸፈነችው።

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ጥላ ሥር ወሰዱኝ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በዚህ ዘመን ደብተር ይዞ ባዶ ክፍል የሚጠይቅ ቀበሌ ብቻ ነው።»

«እኔ ተማሪ ነኝ እኮ፣ አባባ።»

«ትርፍ ቤት ሊመዘግቡ የመጡትም ተማሪዎች ነበሩ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ከሚኖርበት ሌላ ያለው ቤት ትርፍ ተብሎ ተወርሷል፤ ማከራየት የመንግሥትና የቀበሌ ሥራ ሆኗል። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየደጁ እርሳስ ይዤ እየቆምኩ፣ ክፍል ያለውን ሰው ሁሉ ሳስደነግጥ ከርሜያለሁ። ጊንጆ ውስጥ «ጸሐፊው መጣ» ይባል እንደነበርም በዚያው ነገሩኝ። ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ደብተሩን ኪሴ እንድከት፣ ቤት የሚባል ነገር እንዳላነሳና እንድቀመጥ መከሩኝ። ሰው የሚያውቀውን እንጂ የሚጠይቀውን አያስገባም አሉ።

ሰባት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ተቀመጥኩ። አራት በርጩማ አለሰለስኩ። ሰላምታ በኦሮምኛ መመለስ ለመድኩ፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ሰላም እያለ አነጋገሬን ይሰማና እየሳቀ ይሄዳል። የስምንቱ ልጆች እናት መጀመሪያ በአጥር ቀዳዳ ያዩኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን በእኔ ፊት፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቋቸው። በአራተኛው ቀን የተቀቀለ ጎደሬ በሰሃን አመጡልንና የያዝኩትን በርጩማ አገላብጠው አይተው፣ አንዱን እግር በደንብ አላለሰለስከውም አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ቀነ ገደቡ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው መጡና ከበርጩማዎቹ በአንዱ ላይ ተቀመጡ። ንግግራቸው ለሽማግሌው ነው።

«እነዚያ ስምንቱ ልጆቼ ትናንት ወጡ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይሉ። «አስቸግረውሽ ነበር።»

«ክፍሏ ባዶዋን ስታድር ደግሞ ፈራሁ።»

የፈሩበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቃለን። ሰው የሚያድርባት ክፍል ትርፍ አትባልም። በማግሥቱ ጠዋት ሦስታችን ቀበሌ ሄደን ደባል ተብዬ እሳቸው ቤት ተመዘገብኩ፤ ሽማግሌው መሰከሩልኝ። ወረቀቱን ይዤ ኮሌጁ እስክደርስ ሮጥኩ። መዝጋቢው ማኅተሙን በብርሃን አይተው ፋይሌ ውስጥ ከተቱት።

ያን ዕለት ከሰዓት ፍራሼን ተሸክሜ ስገባ አዲሷ የቤት እመቤቴ ክፍሏን ጠርገው ጨርሰዋል። በሩ ላይ ቆሙና ያን የመጀመሪያ ቀን ስለ እሳቸው የጻፍኩትን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አፈርኩ፤ ግን ካዘዙ አይቀርም ብዬ አነበብኩ።

«ጊንጆ። ሴትዮዋ ስምንት ልጆች አሉኝ አሉ። የታየችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት።»

መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። ሳቃቸው አጥር ተሻግሮ ሽማግሌውን አስነሳ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሲያበቁ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ።

«ተሳስተሃል» አሉኝ። «ዶሮዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ዕንቁላል ታቅፋ ውስጥ ነበረች።»

ፈቃድ ጠይቄ እርሳሴን አወጣሁ። እሳቸው እያዩ «አንዲት» የሚለውን ሰረዝኩና «ሁለት» ብዬ ጻፍኩ።