እንዳታለቅስ ብዬ የሠራሁላት ጓዳ

ሐይቅ ከተማ ትንሹ ልጄ ቤት ከመጣሁ ሳምንት ሆነኝ። እኔ አንድ ቦታ አልቀመጥም፤ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ስዞር ነው ዓመቱ የሚያልቅብኝ። ሚስቱ ሰሚራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ትናንት ጠዋት ለሕፃኑ ባሰናዱት ክፍል ውስጥ ቆማ፣ ከሱቅ የተገዛ ተለጣፊ ሥዕል ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። አንገተ ረጅም ቀጭኔ አለ፣ ጨረቃ ላይ የተኛ ድብ አለ። ድብ እኛ አገር ማን አይቶ ያውቃል?

«እማ፣ በናንተ ጊዜ ለልጅ ክፍል ይሠራ ነበር እንዴ?» አለችኝ፣ የለጠፈችውን በመዳፏ እየዳበሰች።

«ከየት አምጥተን! ልጅ እናቱ ብብት ሥር ነበር የሚያድገው» አልኳት።

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ውሸቴን ነበር። በዕድሜዬ ለአንድ ልጅ ጓዳ ሠርቻለሁ። በዚያ ሥራ እጄ የተመሰገነውን ያህል በዘመኔ ተመስግኖ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ግድግዳ እለስናለሁ እንጂ ሥዕል የሚባል ነገር አላኖርኩበትም።

ያደግሁት እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደልም የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። አፈር ግን አውቃለሁ። ነጩ አፈር ከየትኛው ገደል እንደሚቆፈር፣ ቀዩ ስንት ቀን ውሃ ውስጥ እንደሚያድር፣ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ምን ያህል ጭድና እበት እንደሚገባበት የናቴን እጅ እያየሁ ነው የተማርኩት። በዚያን ጊዜ የቤት ዕቃው ራሱ ጭቃ ነበር። መተኛው መደብ፣ እህል ማኖሪያው ጎታ፣ ግድግዳው ላይ ያለው መደርደሪያ፣ ሁሉም ከሴት እጅ ነው የሚወጣው። አንዳንዷ ሴት ቀጥ አድርጋ ለስና ትተወዋለች። እኔን አያስችለኝም ነበር። ጎታ ብሠራ አንገቱ ላይ ሐብል አደርግለታለሁ፤ መደብ ብሠራ ጠርዙ ላይ ዳክዬ እደረድርበታለሁ። ሠርግ ያለበት ቤት ሁሉ «ያቺን ልጅ ጥሯት» ይል ነበር።

የተዳርኩት ለአምባሰል ሰው ነው። ባሌ ይመር ይባላል፤ ደግ ገበሬ ነበር፣ አላህ ይዘንለት። እናት አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው። እታለም ሐዋ እንላቸዋለን። ውጫሌ ለነጋዴ ተድረው የቆርቆሮ ቤት ነበራቸው፤ ልጅ ግን አላህ አልሰጣቸውም።

የመጀመሪያ ልጃችን መዲና ከጡት ወርዳ፣ አፏን ፈትታ «እማ፣ ጥንቅሽ ስጪኝ» ማለት በጀመረችበት ሰሞን፣ ይመር ከማሳ ገብቶ እግሩን ይታጠባል። አንገቱን እንደደፋ፣

«ከድጃ፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለኝ።

«ምን?»

«አንቺን ሳላገባ ለእታለም ቃል ሰጥቻቸዋለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ያንቱ ነው ብያቸዋለሁ።»

«እኔን ሳትጠይቅ?»

«አንቺን መች አውቅሽ ነበር?»

እውነቱን ነው፤ አያውቀኝም ነበር። በዚያች መልስ ስንት ዓመት እንደበገንኩ ግን አላህ ይወቀው። እኛ ዘንድ ልጅን ለወንድም ለእህት መስጠት ነውር አይደለም። ነውሩ መከልከል ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሐይቅ ወርጄ አባቴ ጉልበት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አባቴም «ቃል ነው ልጄ፣ ምን ይደረጋል?» ብሎ አንድ ቅል ማር አስይዞ መለሰኝ። ማሩን መንገድ ላይ ለማላውቃት ሴት ሰጠኋት።

እታለም ሐዋ ራሳቸው መጡ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። እጄን ይዘው፣ «ከድጅዬ፣ የልጅ እንባ ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም። እስከ ጥር ትሞክረው። ካልለመደችልኝ፣ አንቺን አንቺን ብላ ካለቀሰች፣ ወላሂ በቅሎ ላይ አስቀምጬ ራሴ አመጣልሻለሁ» አሉኝ። ይመርም ሰማ፣ ጎረቤትም ሰማ።

ጥቅምት ነበር። ሦስት ወር ነው፤ ልጄ ታለቅሳለች፣ ትመለስልኛለች አልኩ በልቤ። እንዲያ ብዬ ስጽናና ሊሄዱ ተነሡ። ያኔ ነው ምን እንደነካኝ የማላውቀው።

«የት ነው የምትተኛው?» አልኳቸው።

«ከእልፍኙ ኋላ ጆንያ የምናኖርባት ጓዳ አለች፤ እሷን ባዶ አደርግላታለሁ።»

ያቺን ጓዳ አውቃታለሁ። ጨለማ ናት፣ ግድግዳዋ ተላልጧል፣ በርበሬ በርበሬ፣ ጨው ጨው ትሸታለች። ልጄ እዚያ ውስጥ ብቻዋን ስትነቃ ታየችኝ። «እኔ እሠራላታለሁ» አልኩ። አፌ ነው የተናገረው።

መዲናን አዝዬ ወደ ውጫሌ ወረድኩ። መንገዱ ግማሽ ቀን ነው። ማሽላው እሸት ሆኗል፤ የማሳ ጠባቂዎች ጠብሰው ያበሉን ነበር። እሷ ጀርባዬ ላይ ሆና ጥንቅሿን ስታኝክ ጣፋጩ ውሃ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ ውጫሌ እስክንደርስ ዝንብ ተከተለን። ያን የተጣበቀ አንገቴን ሦስት ቀን አልታጠብኩትም።

አሥራ አንድ ቀን ሠራሁ። በመጀመሪያው ቀን፣ አልዋሽም፣ አበላሽቼ ልሠራው አስቤ ነበር። ጭቃው ሳይቦካ ከተለጠፈ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ ግድግዳውም ልጅ የሚያስፈራ ይሆናል። ያልቦካውን አንድ እፍኝ አንሥቼ ለጠፍኩት። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ፍቄ አወረድኩት። እጄ እንቢ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ራሴን አላገኘሁትም። መደቡን የተኛች ላም አድርጌ ሠራሁት። ጀርባዋ ሰፊ ነው፣ ልጅ ትጋደምበታለች፤ ቀንዷን ይዛ ትወጣለች። ከአፏ ሥር ሣር የሚገባበት ጎድጓዳ አበጀሁ። ግድግዳው ላይ አመድና ነጭ አፈር ቀላቅዬ ሐይቁን አመጣሁት፤ ሐይቅ በማለዳ እንደዚያ ነው፣ ግራጫ። ዳክዬዎቹን በጥላሸት፣ ዓሣዎቹን በቀይ አፈር አወጣኋቸው። ከማገሩ ላይ ትንንሽ ቅል በክር አንጠልጥዬ የዶሮ ላባ ሰካሁባቸው፤ በር በተከፈተ ቁጥር ወፍ ሆነው ይዞራሉ። እታለም ሐዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ይረግጡልኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ጂን ነው እንዴ ያስተማረሽ?»

«የጂኑን እንጃ፤ አንቱ ግን ጭቃ ሲረግጡ ሠርግ ቤት የሚጨፍሩ ነው የሚመስሉት።»

«ታዲያ ብጨፍር ምናለበት፤ ልጄ ልትገባልኝ አይደል!»

ልጄ አሉ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። እሳቸው አላዩኝም፤ ጭቃቸውን ይረግጣሉ።

አንድ ቀን ደግሞ የሰፈሩ ሸህ የእታለም ሐዋ ባል ዘንድ ለጉዳይ መጥተው በበሩ አጮለቁ። «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ነፍስ ላለው ነገር ዓይን አታውጪለት። ነገ በአኼራ ነፍስ ዝሪበት ብትባይ ከየት ታመጫለሽ?» አሉኝ። ፈራሁ። ላሚቱም፣ ዳክዬዎቹም፣ ዓሣዎቹም ያለ ዓይን ቀሩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት መዲና ላሚቱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሣር ታበላለች።

«መዲናዬ፣ እማ መሄዷ ነው» አልኳት።

«ላሚቱ እየበላች ነው» አለችኝ።

ዞርም አላለች። በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ቅሎቹ በነፋሱ ዞሩ፤ ቀና ብላ ለእነሱ ሳቀች። እንግዲህ ምን እጠብቃለሁ? ባዶ አንቀልባዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ዳገቱን ተያያዝኩት።

እስከ ጥር የበቅሎ ኮቴ ሳዳምጥ ኖርኩ። ጤፉ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። ኮቴ የለም። ጥር ሲገባ አንድ ማለዳ ለይመር ሳልነግር ተነሥቼ ውጫሌ ወረድኩ።

መዲና ወፍራለች። ፀጉሯ ቅቤ ጠግቧል፤ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች። እጄን ይዛ ወደ ጓዳው ወሰደችኝ፣ እንግዳ ቤት እንደሚያሳይ ሰው። ላሚቱ ታየኛለች። ሁለት የጉሎ ፍሬ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጭቃው ውስጥ ተሰክቷል። ዳክዬዎቹም ዓይን አውጥተዋል።

«ማነው ዓይን ያወጣላቸው?»

«እኔና እማ» አለች መዲና። እማ ያለችው እታለም ሐዋን ነው።

እታለም ሐዋ አፍረው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ላሚቱ አታየኝም ብላ አለቀሰችብኛ! ምን ላድርግ፣ ሸሁ ይቅር ይበሉኝ።»

«ለኔስ ስንት ቀን አለቀሰች?»

መዋሸት አያውቁበትም ነበር። ዓይናቸውን ከላሚቱ ላይ ሳያነሡ «አንድ ቀን» አሉኝ፤ አንድም ቀን እንዳላለቀሰች ገባኝ።

«ነዪ መዲናዬ፣ ቤት እንሂድ» ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። የላሚቱን ቀንድ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።

«ቤቴ ነው» አለች።

ሳብ አደረግኳት። ቀንዱን አልለቀቀችም። እንዳይነቀል ብዬ ውስጡ የወይራ እንጨት የከተትኩበት ራሴ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ልጆች ወለድኩ፤ እንደ ፊተኛዋ አድርጌ ግን ማንንም መሳም አልቻልኩም፣ ልጆቼ ይቅር ይበሉኝ። መዲና የወለድኳት እኔ መሆኔን አውቃ ነው ያደገችው። ለበዓል ትመጣለች፣ «እት ከድጃ» ትለኛለች። መንገዱ ሲሰፋ ያ ቤት ፈረሰ። እሷም አድጋ ስትዳር ለሠርጓ ተጠራሁ። እኔና እታለም ሐዋ ከመጋረጃ ጀርባ ሽንኩርት እንከትፋለን። ወዲያ ማዶ መዲና ለሚዜዎቿ ስለ ልጅነቷ ታወራለች። ላሚቱን ነገረቻቸው፣ ሐይቁን፣ የሚዞሩትን ወፎች።

«የወለደችኝስ ሰጠችኝ» አለች። «እማ ግን ያን የመሰለ ቤት በእጇ ሠርታ ተቀበለችኝ።»

ክፋት አልነበረባትም፤ እዚያ መኖሬን አላወቀችም። እታለም ሐዋ ቢላቸውን አስቀመጡ። በሽንኩርቱ የሁለታችንም ዓይን ቀድሞ ያነባ ስለነበር ማንም ምን ሆናችሁ አላለንም።

«እኔ ሠራሁት ብያት አላውቅም ከድጃ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ማን ሠራው ብላም ጠይቃኝ አታውቅም።»

«ይንገሯት ታዲያ!» አልኳቸው። በዕድሜዬ እሳቸውን ቀና ብዬ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ዛሬ? በሠርጓ ቀን?»

እኔም ተውኩት። «ከሠርጉ በኋላ ኢንሻአላህ» አሉ። ከሠርጉ በኋላ ወለደች፤ ከወለደች በኋላ ሌላ መጣ። እታለም ሐዋም ሳይነግሯት ሞቱ። አስከሬናቸውን ካጠብነው ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። መዲና በር ላይ ሆና «የእማ እጅ፣ የእማ እጅ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ያን እጅ ይዤ አጥባለሁ። ምን አፍ አለኝ?

ዛሬ ምሳ ላይ ሰሚራን «ልጁን አጠገብሽ አስተኚው» አልኳት። «እማ ደግሞ! ክፍሉን ታዲያ ለምን ሠራነው?» አለችኝ።

መዲና አሁን ራሷ የልጅ ልጅ ልታይ ነው። ልንገራት እላለሁ አንዳንዴ። ግን ቤቱ የለም፣ ምስክሬ እታለም ሐዋም የሉም፤ ከሟች የምትሻማ አሮጊት እሆናለሁ። ደግሞስ ከእናቷ ምን ልቀንስባት ነው? ይመርን ስንት ዓመት ስወቅሰው ኖሬ እሱም አፈር ገባ። የቀረኝ የምወቅሰው ይሄ እጄ ነው። ያቺን ጓዳ አበላሽቶ ቢሠራት፣ ልጄ ሦስት ወር አልቅሳ ዕድሜ ልኳን የኔ ትሆን ነበር። የሷን ሦስት ወር መቻል አቃተኝ። የራሴን ይኸው ሃምሳ ዓመት ቻልኩት።